ኳርተራቹን በጎኑ እዩት፦ ከዝርዝር ሳንቲም መሀል ዋጋ ያለው እንዴት ይለያል?

አሜሪካ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ነበር የምሰራው፣ ቲፕ የሚባለው ደግሞ ያኔ አብዛኛው ኳርተር (25 ሳንቲም) ነው፣ ማታ ቤት ስገባ ኪሴን እገለብጥና ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ ጣሳው ሲሞላ ሱፐርማርኬት ያለው መቁጠሪያ ማሽን ላይ ወስጄ እደፋዋለሁ፣ በቃ። አንድ ቀን አብረውኝ የሚሰሩ ጋሼ የምላቸው ሰው ቲፔን ስቆጥር አዩኝና "እስቲ አምጣው" ብለው ኳርተሮቹን እንደ ብስኩት ደርድረው ጎን ጎናቸውን ማየት ጀመሩ። ፊታቸውን አይደለም፣ ጎናቸውን። ከዛ ከመሀል አንዷን በጥፍራቸው ለቀም አርገው አወጡና "ይቺን 25 ሳንቲም ብለህ ለሰው እንዳትሰጥ" አሉኝ። ሳያት 1963 ትላለች። እኔ አሮጌ ስለሆነች መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን ዓመቱን ሳያዩ ነው ያወጧት።

ይሄን ጽሁፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው፣ ብዙ ሰው ሳንቲም ሲያይ መጀመሪያ ዓመተ ምህረቱን ነው የሚያየው፣ አሮጌ ከሆነ ውድ፣ አዲስ ከሆነ ርካሽ ይመስለዋል፣ እና እንደዛ አይደለም። (ከዚህ በታች የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ 1964 ድረስ አሜሪካ ዳይም (10 ሳንቲም)፣ ኳርተርና ሃፍ ዶላር (50 ሳንቲም) የምትሰራው 90 ፐርሰንት ብር 10 ፐርሰንት መዳብ ከሆነ ቅልቅል ነበር። ብር ስል ገንዘቡን ሳይሆን ብረቱን ነው፣ መስቀልና የጆሮ ጌጥ የሚሰራበትን፣ የኛ ቋንቋ እዚህ ጋ ትንሽ ያምታታል ግን ታሪኩንም ይዞታል፣ ገንዘቡ ብር የተባለው ድሮ ራሱ ብረቱ ስለነበረ ነው እኮ። በ60ዎቹ መጀመሪያ ላይ የብር ዋጋ እየወጣ እየወጣ ሄደና ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብረት ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው ዋጋ ጋር ሊስተካከል ተቃረበ፣ ሰውም ይሄን ሲያይ ሳንቲም መደበቅ ጀመረ፣ ገበያው ላይ ዝርዝር ጠፋ፣ ስለዚህ ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን ጁላይ 1965 ላይ አዲስ ህግ ፈረሙና ብሩ ከዳይምና ከኳርተር ሙሉ በሙሉ ወጣ።

ከ1965 ወዲህ ያለው ኳርተር እንደ ሳንድዊች ነው፣ መሀሉ ንጹህ መዳብ፣ ላይና ታቹ የመዳብና የኒክል ቅልቅል። ጎኑን ስታዩት ቀይ መስመር የሚታየው ለዛ ነው፣ የመሀሉ መዳብ ነው ብቅ የሚለው። የብሩ ግን ጎኑ ዙሪያውን ድፍን ነጭ ነው። ጋሼም ያዩት ይሄንኑ ነው፣ 40 ኳርተር ደርድራቹ በጎን ብታዩት 39ኙ ቀይ ክር ያለው ሲሆን አንዱ ነጭ ሆኖ ይቀመጣል፣ መነጽር የሚያደርግ ሰውም አይስተውም። ሚዛን ካላቹ ደግሞ የብሩ ኳርተር 6.25 ግራም ነው (ካልተበላ)፣ የአሁኑ 5.67። ጠረጴዛ ላይ ጣል ስታደርጉት ድምጹም ይለያል፣ የብሩ እንደ ደወል ረዘም አርጎ ይጮሃል፣ የአሁኑ ጠቅ ብሎ ዝም ነው።

ስንት ያወጣል ለሚለው ዛሬ እንዲህ ነው ብዬ ብጽፍ ነገ ይቀየራል፣ ስለዚህ ሂሳቡን ራሳቹ አስሉት። አንድ የብር ኳርተር ውስጥ 0.18 አውንስ ገደማ ንጹህ ብር አለ፣ ዳይም ውስጥ 0.072፣ ሃፍ ዶላር ውስጥ 0.36። የቀኑን የብር ዋጋ ስልካቹ ላይ ፈልጉና በዚህ አባዙት። ለምሳሌ አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን ኳርተሯ 5 ዶላር ከ40 ሳንቲም የብረት ዋጋ አላት ማለት ነው፣ ሀብታም አያደርግም ግን 25 ሳንቲም ብሎ ለፓርኪንግ ሜትር ማጉረስም ኃጢአት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ሱፐርማርኬት ያሉት ሳንቲም መቁጠሪያ ማሽኖች ሳንቲሙን የሚለዩት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ለኤሌክትሪክና ለማግኔት በሚሰጠው ምላሽም ጭምር ነው፣ ብር ደግሞ ምላሹ ስለሚለይ ማሽኑ "ይሄን አላውቀውም" ብሎ ከታች ወዳለችው ትንሽ ኪስ ይተፋዋል። ሰዉ ግን ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል፣ የተተፋው ምናምን የተጣመመ ሳንቲም ወይ የሌላ አገር ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ ስንት ዓመት ስደፋ አንድ ቀን እንኳን እጄን እዛ ኪስ ውስጥ አልከተትኩም! አሁን ግን እቃ ልገዛ ስገባም ሰው የተወውን እዳብሳለሁ፣ ልጄ ታፍርብኛለች፣ ትፈር።

ሃፍ ዶላር ለብቻው ይነገርለት። እስከ 1964 ያለው 90 ፐርሰንት ነው፣ ከ1965 እስከ 1970 ያለው ግን ወደ 40 ፐርሰንት ዝቅ ቢልም አሁንም ብር አለው (0.148 አውንስ ገደማ)፣ እና ብዙ ሰው 1964 ላይ ስለሚያቆም ይሄኛው ያመልጠዋል። ሃፍ ዶላር ገበያ ላይ ስለማይዞር ባንክ ሄዳቹ ካሸሯን "ሃፍ ዶላር አለሽ?" ማለት ነው። አንዳንዴ ሰው ከሟች አባቱ መሳቢያ አውጥቶ ዲፖዚት ያደረገውን ይዛ ትቀመጣለች፣ በ50 ሳንቲም ሂሳብ ትሰጣቹሀለች።

ኒክል የሚባለውን አምስት ሳንቲም ግን በጎኑ አታውቁትም፣ እሱ ሌላ ምልክት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኒክል የሚባለው ብረት ለመሳሪያ ተፈለገ፣ ስለዚህ ከ1942 አጋማሽ እስከ 1945 ድረስ አምስት ሳንቲሙን ከመዳብ፣ ከማንጋኒዝና ከ35 ፐርሰንት ብር ሰሩት። በኋላ ሰብስቦ ለመለየት እንዲመች ብለው ጀርባው ላይ ካለው ሞንቲቼሎ ከሚባለው ቤት ጉልላት በላይ ትልቅ ፊደል አተሙበት፣ ፒ ወይ ዲ ወይ ኤስ። ከጉልላቱ በላይ ትልቅ ፊደል ካለ በቃ ብር አለው። ቀለሙም ዳመና ዳመና ይላል፣ እኔ እንደውም ቆሻሻ የሚመስል ኒክል ሳይ ነው ልቤ የሚመታው። የካናዳ ዳይምና ኳርተርም ከአሜሪካው ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል፣ እስከ 1966 ያለው 80 ፐርሰንት ብር ስለሆነ "ካናዳ ነው" ብላቹ አትጣሉት።

አሁን ወደ ዓመተ ምህረቱ እንመለስ። ዓመት ብቻውን ዋጋ አለመሆኑን ለኛ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፣ ማርትሬዛን አስቡት። አያቶቻችን ያስቀመጡት ማርትሬዛ ሁሉ ላይ 1780 ነው የሚለው፣ ግን ንግስቲቱ በዛ ዓመት ሞታ ከዛ በኋላ በ19ኛውም በ20ኛውም ክፍለ ዘመን፣ ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮምም ለንደንም ቦምቤይም ያንኑ 1780 ይዞ ሲታተም ነው የኖረው፣ ምክንያቱም የኛ ነጋዴ ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበልም ብሎ ነበር። ስለዚህ ማርትሬዛ ይዞ "ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው" የሚል ሰው ምናልባት የያዘው የጣልያን ጊዜውን ሊሆን ይችላል። ብር ነው፣ የብሩ ዋጋ የትም አይሄድም፣ ግን ቁጥሩ ስለ እድሜው ምንም አልነገረንም።

በአሜሪካው ደግሞ በጣም የሚያሳስተው 1776-1976 የሚለው ባለ ከበሮው ኳርተር ነው። ሁለት ዓመተ ምህረት ስላለው ሰው ያስቀምጠዋል፣ ቲክቶክ ላይም ሚሊዮን ያወጣል እያሉ ይለቁበታል። የነጻነታቸውን 200ኛ ዓመት ለማክበር ያተሙት ነው፣ ስንት ቢሉ ከ1.6 ቢሊዮን በላይ። እጃቹ ላይ የሚገባው 25 ሳንቲም ነው፣ ሂዱና ላውንደሪ አጥቡበት።

በተቃራኒው ደግሞ አዲስ ሆኖ ዋጋ ያለው አለ። በዋሽንግተን ኳርተር ፊት ላይ ከጸጉሩ መቋጠሪያ በስተጀርባ ትንሽ ፊደል አለች፣ የት እንደታተመ ነው የምትናገረው፣ ፒ ፊላደልፊያ፣ ዲ ዴንቨር፣ ኤስ ሳን ፍራንሲስኮ። በ2019 እና በ2020 ግን ዌስት ፖይንት የሚገኘው ማተሚያ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ፊደል የያዘ ለገበያ የሚዞር ኳርተር አተመ፣ ፊደሏ ደብልዩ ናት። በዓመት አምስት ዓይነት፣ ከያንዳንዱ ሁለት ሚሊዮን፣ በድምሩ በሁለቱ ዓመት 20 ሚሊዮን። ብዙ ይመስላል ግን ተራው ኳርተር በመቶ ሚሊዮኖች ነው የሚታተመው፣ እነዚህን ደግሞ ሆን ብለው ሰው እንዲፈልጋቸው ከሌላው ጋር ቀላቅለው ባንክ ለባንክ በተኗቸው። የ2020ዎቹ ላይ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበትን 75ኛ ዓመት የሚያመለክት ትንሽ ምልክትም አለ። ንጹህ ከሆነች አንዷ 10 ዶላር ገደማ ትሸጣለች፣ እና አሁንም ኪስ ውስጥ አሉ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ያቺን ፊደል አያያትም። እኔ እስካሁን አራት አግኝቻለሁ፣ ሁለቱ ከአንድ ላውንደሪ ቤት መዘርዘሪያ ማሽን ነው የወጡት።

ቀጥሎ ስህተት የሚባሉት አሉ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው ምክንያቱም ሰው የሚታለልበት ቦታ ነው። ሳንቲም የሚታተመው በማህተም ነው፣ የብረት ማህተም። የቀበሌ ማህተም አስቡት። ማህተሙ ራሱ ሲቀረጽ ተሳስቶ ፊደሉ ሁለት ጊዜ ተደርቦ ከተቀረጸ፣ ከዛ በኋላ በሱ የሚመታ ወረቀት ሁሉ ደብል ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ሺውም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት። ማህተሙ ደህና ሆኖ የመዝገብ ቤቷ እጅ ሲመታ ሸርተት ካለ ግን አንዱ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚበላሸው። ሳንቲምም እንደዛው ነው። ድሮ ማህተሙ ሲሰራ ከዋናው ቅርጽ ጋር ከአንድ ጊዜ በላይ ይጨመቅ ነበር፣ በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ዞር ካለ ማህተሙ ራሱ ድርብ ይሆናል፣ ይሄ ደብልድ ዳይ ይባላል፣ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለዚህ ነው። ሲመታ ማሽኑ ነጥሮ የሚፈጥረው መሸራተት ግን ዋጋ የለውም። እንዴት ይለያል? በእውነተኛው ላይ ሁለቱም ፊደል ሙሉ ሆኖ ጎበጥ ብሎ ይታያል፣ ጫፉ ላይ ስንጥቅ አለው፣ በማሽን መሸራተቱ ላይ ግን ፊደሉ ጎን ላይ ጠፍጣፋ ደረጃ የመሰለ ነገር ነው የምታዩት፣ ፊደሉ እንደውም ቀጥኖ። አጉሊ መነጽር ግዙ፣ አስር እጥፍ የሚያጎላው በቂ ነው።

ታዋቂው የ1955 ፔኒ (አንድ ሳንቲም) ነው። ዓመተ ምህረቱና ፊደሎቹ በባዶ ዓይን ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። በአንድ ሌሊት የተመታው ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው ያወቁት፣ ለጥቂቱ ብሎ ሁሉን ማቅለጥ አልሆነላቸውምና ከ20 ሺ በላይ ገበያ ወጣ። ያኔ ሲጋራ በማሽን 23 ሳንቲም ነበር፣ ሰው ኳርተር ስለሚያስገባ መልሱ ሁለት ፔኒ ከሲጋራው ፓኮ ጋር ላስቲኩ ውስጥ ታሽጎ ይመጣል፣ ብዙዎቹም የተገኙት እንደዛ ነው፣ ሲጋራ ሲከፍቱ። ዛሬ የተበላው እንኳን ሺ ዶላር ገደማ ያወጣል። የ1972ና የ1995 ድርብ ፔኒዎችም አሉ፣ እነሱ እስካሁን ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ፣ የ1995ቱ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ለጀማሪ ዓይን መክፈቻ ጥሩ ነው። የ1969 ባለ ኤስ ድርብ ፔኒ ግን በአስር ሺዎች ዶላር ነው የሚጠራው፣ እሱን ካገኛቹ ደውሉልኝ፣ ዶሮ እናርዳለን።

ከኳርተር ደግሞ 2004 ዴንቨር የታተመውን የዊስኮንሲን ኳርተር እዩ፣ ላሟና አይቡ ያለበትን። በቆሎው ላይ በግራ በኩል አንድ ትርፍ ቅጠል ያለው ይገኛል፣ አንዳንዱ ላይ ወደ ላይ የቆመ፣ አንዳንዱ ላይ ወደ ታች የታጠፈ። አስሮች ዶላር ያወጣል።

ፔኒ ላይ ሳለን፣ ከ1909 እስከ 1958 ያለው ጀርባው ላይ ሁለት የስንዴ ዛላ አለበት፣ አብዛኛው ከጥቂት ሳንቲም አያልፍም ግን ደስ ይላል። የ1943ቱ መዳብ ለጦርነት ስለተፈለገ ከስቲል የተሰራ ነጭ ፔኒ ነው፣ በስህተት በመዳብ የተመቱ ጥቂት የ1943 ፔኒዎች እውነትም ትልቅ ገንዘብ ያወጣሉ፣ ለዛ ብለው ነጩን መዳብ ቀብተው የሚሸጡ አጭበርባሪዎች አሉ፣ ማግኔት አስጠጉለት፣ ከተለጠፈ ውሸት ነው። ሌላው 1982 ነው፣ በዛ ዓመት መሀል ላይ ፔኒ ከመዳብ ወደ ዚንክ ተቀየረ፣ የድሮው 3.11 ግራም፣ አዲሱ 2.5። የመዳቡን ሰብስቤ ላቅልጠው የሚል ካለ ግን ፔኒና ኒክል ማቅለጥ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በህግ ክልክል ነው። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ለገበያ የሚሆን ፔኒ መታተሙ ቆሟል፣ ከዛ ወዲህ ሰው ፔኒ በማሰሮ ማጠራቀም ጀምሯል አሉ። ቢሊዮን በቢሊዮን የታተመ ነገር ስለቆመ ብቻ ወዲያው ውድ አይሆንም፣ ማሰሮውን ለሽሮ ብትጠቀሙበት ይሻላል።

መፈለግ ለሚፈልግ፣ መንገዱ እንዲህ ነው። ባንክ ሄዳቹ ጥቅል ግዙ፣ የኳርተር ጥቅል 40 ፍሬ 10 ዶላር ነው፣ ዳይም 50 ፍሬ 5 ዶላር፣ ኒክል 40 ፍሬ 2 ዶላር። ገንዘቡ አይጠፋም፣ የማትፈልጉትን መልሳቹ ታስገባላቹ፣ የሚጠፋው ጊዜያቹ ነው። ሰው በእጁ የጠቀለለው በማሽን ከተጠቀለለው ይሻላል፣ ምክንያቱም ከአንድ ሰው ጣሳ የወጣ ነው። የመለሳቹትን መልሳቹ እንዳትገዙ ግን ሌላ ባንክ መልሱት። ለኔ የሚቀናኝ ዳይም ነው፣ ትንሽ ስለሆነች ሰው ጎኗን አያያትም። ብዙ ቀን ምንም አይገኝም፣ ይሄን ከአሁኑ ልናገር፣ እኔ 500 ዶላር ሙሉ የኳርተር ሳጥን ፈትሼ ጀርባዬን አሞኝ በባዶ እጄ የተነሳሁበት ጊዜ ከሚበዛው ነው። አንዴ እንደውም የቲፕ ጣሳው ውስጥ ነጭ ጎን አይቼ ጮቤ ረግጬ ሳወጣው ባለ አንበሳው የኛው 50 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ፣ መጠኑ ለኳርተር በጣም ስለሚቀርብ የሆነ ወገን ሳያውቀው ነው የሰጠኝ (ወይ አውቆ)።

ካገኛቹ በኋላ አንድ ትዕዛዝ አለ፣ አትጠቡት። በሎሚ አይሆንም፣ በአመድ አይሆንም፣ በሳሙናም አይሆንም። ሰብሳቢ የሚገዛው ሳንቲሙ ከታተመ ጀምሮ የቆየውን ፊቱን ነው፣ ስትፈትጉት ላዩ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ጭረት ትሰራላቹ፣ እሱ ደግሞ አይመለስም። እኔ ይሄን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ጥቁር የሆነች ክንፍ ያለው ቆብ የደፋች ሴት ያለችበት የድሮ ዳይም አግኝቼ በኮልጌትና በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ እንደ መስታወት አብረቅርቄ ሳንቲም የሚገዛ ሱቅ ወሰድኩ፣ ሰውዬው መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሁለት ሰከንድ እንኳን አላያትም፣ "ማን አጠባት?" ብሎ ጠየቀኝና ሚዛን ላይ ጣላት። የብረቷን ዋጋ ብቻ ሰጠኝ።

ለመሸጥ ስታስቡ ኢቤይ ላይ ሰው የጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጠበትን የሚያሳየውን ተጭናቹ እዩ፣ ሚሊዮን ዶላር መጠየቅማ ማንም ይችላል። ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የሚባሉ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው በላስቲክ ሳጥን ያሽጉላችኋል፣ ግን ከፖስታው ጋር ተደምሮ ክፍያው ከብዙ ሳንቲሞች ዋጋ ይበልጣል፣ ለ10 ዶላሯ ባለ ደብልዩ ኳርተር እንዳትሞክሩት። ተራ የብር ሳንቲም ከሆነ ሁለት ሶስት ሱቅ ዞራቹ ጠይቁ፣ አንዱ የሚሰጣቹና ሌላው የሚሰጣቹ በጣም ይለያያል።

ያቺን 1963 ኳርተር ግን ጋሼ እንዳሉኝ ለማንም አልሰጠኋትም፣ የቡና ጣሳው ክዳን ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። ፕላስተርም አይለጠፍም አሉኝ በኋላ።